ቲኬት ሳይቆርጡ ፍሎረንስ፣ ሳይደውሉ ውጫሌ

በወሎ ገጠር መሸት ሲል ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ያለ መንገደኛ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባ ነበር። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ የሚባለው እግሩ ከታጠበና እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ይህን ልማድ ይዞ ጣሊያን የሚሄድ ሰው ግን ፍሎረንስ ላይ ግማሽ ቀኑን ደጅ ሲጠና ይውላል።

የኡፊዚ ሙዚየም በር ላይ ሰልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ቀንና ሰዓት አስይዘው ለመጡት፣ ሌላው እንዲሁ ለመጡት። ያስያዘው ሰው ቲኬቱ ላይ የታተመችው ሰዓት ስትደርስ ይገባል፤ ያላስያዘው በሐምሌ ሐሩር እያላበው ይቆማል። የመግቢያው ዋጋ በቅርብ ዓመታት እስከ 25 ዩሮ ደርሷል፤ ለማስያዝ ደግሞ 4 ዩሮ ይጨመራል። አራቷ ዩሮ ሰልፉን መዝለያ ናት። «ኡፊዚ» ማለት «ቢሮዎች» ማለት ነው፤ ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1560 ሲጀመር የታሰበው ለመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ነበር። ቢሮ በር ላይ መሰለፍ ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

በከተማዋ ካቴድራል ውስጥ ለመግባት ክፍያ የለም፤ ጉልላቱ ላይ የሚያደርሱትን 463 ደረጃዎች ለመውጣት ግን ቀድሞ ማስያዝ ግድ ነው። ሚላኖ ላይ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» ሥዕል የሚያይ ሰው 15 ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል፤ እሷኑም ቀድሞ ካላስያዘ አያገኛትም። ቬኒስ ደግሞ ብሳለች። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ደርሰው ከሚመለሱ ጎብኚዎች 5 ዩሮ ታስከፍላለች። በ2025 ይህ ክፍያ አራት ቀን ቀድሞ ላላስመዘገበ ሰው 10 ዩሮ ሆነ። ድንገት የመጣ እንግዳ እጥፍ ከፈለ ማለት ነው።

ከዚያችው ከቬኒስ ተነሥቶ በ15ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ኢትዮጵያ የገባው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የከፈለው የመግቢያ ዋጋ የለም። መርቆሬዎስ ተብሎ ከአርባ ዓመት በላይ ለነገሥታትና ለገዳማት ሲሥል ኖረ። በዚያ ዘመን የሚያስቸግረው መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነበር፤ የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ፔሮ ዳ ኮቪልያ እንደመጣ እዚሁ ቀርቷል።

እንዲያውም በጥብቅ በር የወሎዋን አምባሰል የሚቀድማት አልነበረም። የንጉሥ ወንድ ዘሮች የሚጠበቁባት አምባ ግሸን ያለችው እዚሁ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚወጣባትም የሚወርድባትም አልነበረም። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣውን ሕዝብ ቲኬት የሚጠይቀው የለም። ስንቁን፣ ቆሎውንና በሶውን ይዞ፣ ጋቢውን ደርቦ ሜዳ ላይ ያድራል። በገናም ላሊበላ እንደዚሁ ናት። በእግሩ የመጣውን ምእመን የአገሬው ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል፤ ሆቴል ተማምኖ የመጣው ግን አልጋ ሁሉ «ተይዟል» ይባላል፣ ካገኘም ዋጋው ከአዘቦቱ ሌላ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ቦታ የሚያጣው ምንጣፉን የተሸከመው ሳይሆን ሻንጣ የሚጎትተው ነው።

ውጫሌ ላይ ይህ ሁሉ ጭንቅ የለም። ከደሴ ወልድያ የሚያልፈው መኪና ረዳቱ «ውጫሌ ወራጅ አለ?» ይላል፤ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፣ መኪናው ይቀጥላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉባት ይስማ ንጉሥ ከዚህች ከተማ ብዙም አትርቅም። የውሉ የአማርኛ ቅጂ 17ኛ አንቀጽ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ነገሩ ሄዶ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተቆረጠ። ሁለት አገር ያዋጋ ወረቀት የተፈረመበት ቦታ ጣሊያን ውስጥ ቢሆን ኖሮ እስከ አሁን የመግቢያ ሰዓት ወጥቶለት ነበር።

ወረፋ አለመኖሩ ግን የሚያኮራ አይደለም። ላሊበላ የሚወስድ አስጎብኚ ደሴ አድሮ ሲነሣ ሐይቅን በመስኮት ያሳያል፣ ውጫሌን ደግሞ ጎብኚው እንዳንቀላፋ ያልፋታል። ጎብኚው ደውሎ «ነገ እንመጣለን» የሚልበት አንድ የታወቀ ስልክ ቢኖር ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። በወሎ ማስያዝ ማለት መደወል ነው፤ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ፣ ክብረ በዓሉን ቈጥሮ መነሣት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ሳያውቅ ቤተሰቡን ይዞ የሄደ ሰው ከባለቤቱ ጋር ሐይቁ ዳር ይለያያል።

ፍሎረንስ ለሚሄድ ወገን ደግሞ አንድ ነገር አለ። የሜዲቺው መስፍን ቀዳማዊ ኮሲሞ ፓኦሎ ጆቪዮ የሰበሰባቸውን የታላላቅ ሰዎች ምስሎች እንዲገለብጥ እ.ኤ.አ. በ1552 ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞን ላከው። ከገለበጣቸው መካከል የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት የዐፄ ልብነ ድንግል ምስል አለ፤ የኡፊዚ ንብረት ነው። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላያቸውም፤ ቢሆንም ከአውሮፓ ነገሥታትና ከሊቃነ ጳጳሳት እኩል አሰልፏቸዋል። የዚህ ስብስብ ሥዕሎች የተሰቀሉት በኮሪደሮቹ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ጣሪያው ተጠግተው ስለሆነ ብዙው ሰው የቦቲቼሊ ሥዕሎች ጋ ለመድረስ ሲጣደፍ ከሥራቸው ያልፋል።

ቲኬት ያላገኘ ሰው በከተማዋ አደባባይ ላይ የቆመውን የዳዊትን ሐውልት ቅጂ በነፃ ያያል፤ ዋናው እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ አካዴሚያ በተባለው ሙዚየም ውስጥ ነው። የልብነ ድንግል ግን ቅጂው አደባባይ ላይ የለም። ኡፊዚ ሰኞ ዝግ ነው፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነፃ ቢሆንም ሰልፉ አያስጠጋም። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት የማክሰኞ ወይም የረቡዕ ማለዳ ያስይዙ፤ ከገቡ በኋላም በኮሪደሩ ሲያልፉ ቀና ብለው ይመልከቱ።