የቤት መስታወት ለቤት!

«ጋሼ፣ ለአሮጌ ቮልስ ምን አነሳት?» ይለኛል ደግሞ! እዚሁ ወልድያ ነው፤ የጋራዡን ስም አልጠራም። ከፊቴ ሲከንፍ የነበረ የጭነት መኪና ያፈናጠረው ጠጠር የቮልሴን የፊት መስታወት ሰንጥቆታል። የጋራዡ ልጅ አልሙኒየም ቤት ሄዶ ባለ 4 ሚሊሜትር የሳሎን መስታወት አስቆርጦ መጣ። ጠርዙ እንኳ አልተሞረደም። አልገጥም ሲለው ግራይንደር አንስቶ ላሜራዬን ሊበላ ተነሣ! የቀረውን ክፍተት በሲሊኮን ሊደፍነው ነው።

ምን አነሳት? ሰው እኮ ነው የሚቀመጥባት! የቤት መስታወት ሲሰበር እንደ ጩቤ ስለት ነው። ለፊት መግባት ያለበት ሁለት ንጣፍ ሆኖ መሃሉ ፕላስቲክ የተጣበቀበት ነው፤ ይሰነጠቃል እንጂ ፊት ላይ አይዘንብም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሳሎን መስታወት?

«ዕቃው የለም» የሚለውንም አልቀበልም። ከእ.ኤ.አ. 1965 ሞዴል በፊት የተሠራ ቮልስ የፊት መስታወቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ፋብሪካው አስፍቶ በትንሹ ያጎበጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ ይቆረጣላ! ልኩን በካርቶን መውሰድ፤ ባለ ሁለት ንጣፉን ከሁለቱም ፊት በአልማዝ ጭሮ መስበር፤ ስንጥቁ ላይ አልኮል ጠብ አድርጎ መለኮስና ፕላስቲኩ ሲላላ በምላጭ መለየት፤ ጠርዙን በውኃና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። የጎንና የኋላው ግን በእሳት የጠነከረ ነው። እሱን ልቁረጥ ያለ ፍርክስካሹን ይጠርጋል፤ በልኩ የተሠራ መፈለግ ብቻ ነው።

መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው አሮጌ ጎማ በመርሳ ከተማ ፀሐይ ደርቋልና ይጣል። እሱን መልሶ የሚገጥም ክረምት ሲገባ የመኪናውን ወለል ለዝገት ይሰጣል። አዲሱ ጎማ መስታወቱን ይለብሳል፤ በቦዩ ዙሪያ ሲባጎ ይገባል፤ በሳሙና ውኃ ይርሳል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፤ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ሲስብ የጎማው ከንፈር ላሜራውን እየተሻገረ ቁጭ ይላል። ሲሊኮን የት ገባ?

ከሁሉ የሚያበግነኝ ያ «አሮጌ» የምትል ንቀት ናት፤ በወሎ ሰው አፍ ደግሞ! የወሎ ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን በታየ ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው።

መስታወት ቆራጮች ሆይ፣ «ለመኪና ነው» ብሎ የሳሎን መስታወት የሚያስለካችሁን መልሱት። አንተም ልጄ፣ ግራይንደሩን አስቀምጥ፤ የጎማውን ዋጋ ንገረኝና እከፍላለሁ። ለሲሊኮኑ ግን ሳንቲም አልሰጥም።