የዐባይ ማደሪያ

«ዐባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። እኛ የመካነ ሰላም ሰዎች ተረቱን ለመመስከር ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ከቦረና ደጋ ጫፍ ቆሞ ቍልቍል የተመለከተ ሰው ወንዙ ወሎን ከጎጃም ለይቶ በጥልቁ ገደል ውስጥ ሲጠማዘዝ ያየዋል። በድቁና ትምህርታችን ዘመን የኔታ ግዮን ይሉት ነበር። ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ስንገባ ደግሞ በካርታ ላይ በጣታችን እየተከተልን እስከ ሜዲትራንያን ባሕር አደረስነው። ማደሪያውን በዓይናችን እናያለን ብለን ግን ከቶ አላሰብንም ነበር።

በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወደ ግብፅ ሄደን ሳለ ይህ ነገር ሆነልን። በእስክንድርያ ከተማ አንድ ወዳጅ አለን፤ ከዓመታት በፊት በመምህራን ሥልጠና ላይ የተዋወቅነው ቅብጣዊ ክርስቲያን፥ የሒሳብ መምህር ነው። «ከእናቴ የትውልድ ከተማ ከረሺድ ሳትደርስ አትመለስም» አለንና አንድ ዓርብ ቀን በማለዳ ተነሣን። በመኪናው ውስጥ ወዳጃችን፥ ባለቤቱ፥ አረጋዊት እናቱ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጁና ታናሽ እኅቱ ነበሩ። ዓርብ ለእነርሱ የሥራ ዕረፍት፥ ለሁላችንም ጾም ነውና እመቤቲቱ የቋጠሩት ስንቅ ፉልና ዳቦ፥ ወይራና ቲማቲም ነበር። እኛ ጥቅምት የምንለውን ወር እነርሱ ባባ ይሉታል፤ የቀኑ ቍጥር ግን አንድ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ፍሬምናጦስን ጵጵስና ሾሞ ከላከበት ዘመን አንሥቶ የመጣ ዝምድና በአንድ የፉል ሳሕን ዙሪያ ሲታይ ደስ ያሰኛል።

ረሺድ ከእስክንድርያ በስተምሥራቅ ስልሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመንገዳችን የአቡ ቂርን ባሕረ ሰላጤ አለፍን፤ በ1798 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የእንግሊዝ መርከቦች የናፖሊዮንን መርከቦች ድል ያደረጉት በዚያ ነው። በረሺድ በቀይና በጥቁር ጡብ የተሠሩ የጥንት ፎቅ ቤቶች አሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ምሽግም ጐበኘን። በ1799 የፈረንሳይ ወታደሮች በሦስት ዓይነት ጽሕፈት የተቀረጸውን ስመ ጥር ድንጋይ ያገኙት በዚህ ስፍራ ነው። ሻምፖልዮን በ1822 የጥንት ግብፃውያንን ጽሕፈት ምስጢር ሲፈታ ከረዱት ነገሮች አንዱ የቅብጥን ቋንቋ ማወቁ ነበር። ከሕዝቡ አፍ ጠፍቶ በቅዳሴ ብቻ የቀረ ቋንቋ የአንድን ታላቅ ዘመን በር ከፈተ! ግዕዝን ለልጆቻችን ማስተማር ምን ይጠቅማል ለሚሉ ሁሉ ይህ መልስ ይሆናቸዋል።

ከዚያ ወንዙና ባሕሩ ከሚገናኙበት ደረስን። ትንሿ ልጅ እጃችንን ይዛ እስከ ውሃው ዳር አወረደችን። ጣታችንን በወንዙ ነክረን ቀመስነው። ጨው ነበር! እጅግ ደነገጥን። ወዳጃችን ግን ፈገግ ብሎ አስረዳን። ከዚህ በላይ ኢድፊና በተባለ ስፍራ ወንዙን የሚያግድ ግድብ አለ፤ አብዛኛው ውሃ በየቦዩ ወደ እርሻና ወደ ከተማ ይገባል እንጂ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ባሕሩ ወደ ወንዙ ገብቶ ያጨዋዋል። በካርታ ላይ ማደሪያው ባሕር ነው ብለን ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ኖረን፥ ለካ ባሕር ሳይደርስ በሰው እርሻና በሰው ጕሮሮ ያድራል።

በዚህ ጊዜ ልጁ ወደ እኛ ተጠግቶ በዐረብኛ አንድ ነገር ጠየቀን። አባቱ ፊቱ ቀላና ሊተረጕምልን አልወደደም፤ ደጋግመን ብንለምነው ግን ነገረን። «አሞ፤ የሀገርህ ሰዎች ውሃውን ይዘጉብናል ይባላል፤ እውነት ነው?» አሞ ማለት በእነርሱ ዘንድ የአባት ወንድም ማለት ነው።

እኛም እንደ መምህር ልናስረዳው ጀመርን። ግድቡ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከሀገራችን ሕዝብ ግማሽ ለሚሆነው ገና መብራት አልደረሰውም፤ ተርባይኑን ያዞረ ውሃ ደግሞ ተመልሶ ወንዙን ይከተላል አልነው። እናቶቻችን ዐባይን ከገደሉ አፋፍ እያዩ ውሃ ግን ከሩቅ ምንጭ በጀርባቸው እንደሚያመጡም ነገርነው። «የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እኛ ነን አልነው። ልጁ በጽሞና ሰማን። ከዚያም «በድርቅ ዓመትስ?» አለን።

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ፥ «በድርቅ ዓመት እኛም እናንተም እንጠማለን፤ ስለዚህ ታላላቆቹ አስቀድመው ተነጋግረው በቃል ኪዳን ሊያስሩት ይገባል» አልነው። የወዳጃችን ፊት ፈታ አለ። ሀገራችንን እየወደድን የእርሱን ልጅ ፍርሃት እንዳልናቅነው ዐወቀ።

ያን ጊዜ እስካሁን ዝም ብለው የነበሩት አረጋዊት ተናገሩ። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ተሠርቶ ሳያልቅ፥ እርሳቸው ልጅ ሳሉ፥ በክረምቱ ማብቂያ ወንዙ ቀልቶ ይመጣ ነበር፤ በጋን ቀድተው እስኪጠል ይጠብቁ ነበር፤ ያ ቀይ ውሃ ባሕር ሲገባ ሰርዲን የተባለው ዓሣ ይበዛ ነበር። አሁን ግን ደለሉ ቀርቶ ባሕሩ የብሱን እየበላ ስለ መጣ በዳርቻው ትልልቅ የሲሚንቶ ድንጋይ ተደርድሯል። እኛም ያ ቀይ ነገር የደጋችን አፈር እንደ ነበረ ነገርናቸው፤ አባታችን ከክረምት በኋላ በማሳው ላይ የወጣውን ድንጋይ እያዩ «መሬቱ ጥሎኝ ሄደ» ይሉ እንደ ነበርም ጨመርንላቸው። አረጋዊቷ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው፥ «እንግዲያስ የአባትህን መሬት ስንበላ ኖረናል» አሉ። ከዚያ በኋላ እስክንድርያ እስክንገባ ብዙ ነገር አልተናገርንም።

ወላጆች ሆይ፤ ይህን የምንጽፈው ሽርሽራችንን ለመተረክ ብቻ አይደለም። አፈሩ ዛሬም እየሄደ ነው፤ በየማሳው እርከን መሥራት፥ የቤተ ክርስቲያንን ዐጸድ ዛፍ መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው። ልጆቻችሁም ስለ ግድቡ ሲጠይቁ መብታቸውን አስተምሯቸው፤ ከወንዙ ታች ያለ አንድ ልጅም በዚያው ሌሊት ስለ ውሃ እየሠጋ እንደሚተኛ ግን አትሸሽጓቸው።

ቅብጦች በቅዳሴያቸው ስለ ወንዙ ውሃ መሙላት ይጸልያሉ፤ እኛ ስለ ዝናም እንጸልያለን። የእነርሱ ወንዝ የእኛ ዝናም ነውና ሁለቱ ጸሎት አንድ ነው። ሰሚው አምላክ ለሁላችን በልክ ይስጠን።