«ተገኘች» የተባለችው ደሴት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1722 የትንሣኤ እሑድ ነበር። በዚያ ዕለት ሦስት የሆላንድ መርከቦችን የሚመራው ያኮብ ሮጌቬን በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል አንዲት ደሴት አየና «የፋሲካ ደሴት» ሲል ሰየማት። ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ይህን «ግኝት» ይሉታል። ለመሆኑ ለዘመናት ሰው ሲወለድባትና ሲቀበርባት የኖረች፣ ግዙፍ የድንጋይ ሐውልቶች የቆሙባት፣ ዛሬ ነዋሪዎቿ ራፓ ኑይ የሚሏት ምድር ጠፍታ ነበርን?

የመጀመሪያው ግንኙነት ምን ይመስል እንደነበር ሆላንዳውያኑ ራሳቸው መዝግበውታል። አንድ የደሴቲቱ ሰው ብቻውን ወደ መርከቡ መጥቶ ገመዱንና ምሰሶውን በአድናቆት መረመረ። ኤፕሪል 10 ቀን መርከበኞቹ ታጥቀው ሲወርዱ ግን አንዳንዶቹ ያለ አዛዣቸው ትእዛዝ ተኮሱ፤ አሥር ያህል ሰዎች ወደቁ። ነዋሪዎቹ ከዚህም በኋላ ዶሮና ሙዝ ይዘው ቀረቡ። እንግዳው በጥይት፣ ባለቤቱ በምግብ ተዋወቁ።

ዘግይቶ ደግሞ ሌላ ተረት ተፈለሰፈ፦ ሕዝቡ ደኑን ጨርሶ፣ እርስ በርሱ ተፋጅቶ፣ ራሱን በራሱ አጠፋ የሚል። ደሴቲቱ የዘንባባ ደኗን ማጣቷ እውነት ነው፤ የደን ማለቅ ግን የሕዝብ ማለቅ አይደለም። ሮጌቬን ያየው ሙዝ፣ ስኳር ድንችና ሸንኮራ አገዳ የሚበቅልበት ለም መሬት ነው። በ2024 የታተመ የዘረ መል ጥናትም አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት ደረሰ ለተባለው እልቂት ማስረጃ አላገኘም።

እውነተኛው እልቂት ቀንም ምክንያትም አለው። በ1862 እና በ1863 ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች 1,500 ያህል ሰዎችን አጋዙ። ከሞት ተርፈው የተመለሱት ጥቂቶች ፈንጣጣ ይዘው ገቡ። በ1877 በደሴቲቱ የተቆጠሩት 111 ነፍሳት ብቻ ነበሩ። ይህን እያወቁ ሟቹን «ራሱን ገደለ» ማለት ገዳዩን ነጻ ማውጣት ነው።

በ1868 የእንግሊዝ መርከበኞች ሆአ ሃካናናይአ የተባለውን ሐውልት ጭነው ወሰዱ፤ ማረፊያውም የብሪቲሽ ሙዚየም ሆነ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው ታቦታትም የገቡት እዚያው ሙዚየም ነው። በ2018 የራፓ ኑይ ልዑካን ለንደን ድረስ ተጉዘው ሐውልታቸው እንዲመለስ ጠየቁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «አገኘን» የሚሉ ሁሉ ስለ ግኝታቸው ከማውራታቸው በፊት የወሰዱትን ለባለቤቱ ይመልሱ።