ዳሞታ ደጃችን ነው፣ ትምህርቱ ግን ወረቀት ላይ

ዛሬ ስለ አንድ ዋሻ ላወራችሁ ነው። ፖለቲካ የጠበቃችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የልጆቻችን ጉዳይ ነው።

የሶዶ ሰው ቀና ሲል የሚያየው ዳሞታን ነው። በዚሁ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ወገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ግድም ላይ፣ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ የዐለት መጠለያ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቆፈሩት። ከ2006 ጀምሮ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመሩት ቡድን ገባበት፤ በኋላም የጀርመኑ ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ተቀላቀለ። ከአፈሩ የወጣው የባልጩት መሣሪያ ሰው በዚህ ተራራ ላይ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ይኖር እንደነበር አሳየ። የሰው ዘር ታሪክ አጥኚዎች በዓለም ዙሪያ ስሙን ያውቁታል።

እስኪ ልጠይቃችሁ። ከሶዶ ልጆች ስንቱ ያውቀዋል? ያወቀውስ ስንቱ ነው የቁፋሮ ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክኮ የተማረው?

በውጭ አገር የአርኪዮሎጂ ተማሪ ሳይቆፍር አይመረቅም ማለት ይቻላል። በክረምት ዕረፍቱ ለጥቂት ሳምንታት «የመስክ ትምህርት ቤት» ይገባል። ለዚህም ብዙዎቹ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ከፍለው የሚያገኙት ምቾት እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበት የሚልጥ ሥራ ነው። መሬቱ በገመድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይከፋፈላል። ተማሪው በትንሽ የግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ አፈሩን በስሱ እየላጠ ይወርዳል። የወጣው አፈር በሙሉ በወንፊት ይነፋል። እያንዳንዷ ስባሪ ከየት ካሬ፣ ከስንት ጥልቀት፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣች ተጽፎባት ከረጢት ውስጥ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ ተቆፍሮ ምንም የማይገኝበት ጊዜም ብዙ ነው።

ይህን መጽሐፍ አያስተምርም። አንዲት የከሰል ፍንጣሪ በካርበን ምርመራ ዕድሜዋ ይታወቃል፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣች ካልተጻፈባት ግን የምድጃ ከሰል ናት። ተማሪው ይህን መቶ ጊዜ አንብቦ ሊረሳው ይችላል። ከረጢቱ ላይ ቁጥር ሳይጽፍ ቀርቶ የአንድ ቀን ሥራ ከንቱ ሲሆን ካየ ግን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ደግሞም ቁፋሮ ማለት ማፍረስ ነው። አንዴ የተነሣ አፈር ወደ ቦታው አይመለስም። ለዚህ ነው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቁፋሮን የሚከለክለው። ስለዚህ «ተማሪውን አካፋ አስይዛችሁ ልቀቁት» እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በሥርዓት ያልሠለጠነ ሰው ቅርሱን ያጠፋዋልና አሠልጥኑት ነው የምለው።

እንዴት ታዲያ? እዚህ ላይ ብዙም የማይነሣ አንድ እንቅፋት አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። ፈረንጆቹ «ሰመር» የሚሉት ወቅት ለእኛ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዳሞታ ጉም ለብሶ ይውላል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ለቁፋሮ የሚመቸው በጋው ነው። በበጋ ደግሞ የእኛ ተማሪ ክፍል ውስጥ ነው። ቁፋሮው ሲኖር ተማሪው የለም፤ ተማሪው ዕረፍት ሲወጣ ቁፋሮው የለም። ከውጭ የሚመጣው ተማሪ የዓመት ዕቅዱን ለእኛ በጋ ብሎ ሲያስተካክል፣ የእኛው ልጅ ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ ያለውን ጉድጓድ ሳያይ ይመረቃል።

ይህ ሊፈታ የማይችል ነገር አይደለም። ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። በጥር ወይም በየካቲት ሦስት ሳምንት ያህል፣ እንደ አንድ ኮርስ ውጤት የሚያዝበት፣ ፈቃድ ካለው የምርምር ቡድን ጋር የመስክ ሥራ ይሁን። ክረምቱ ደግሞ ጣሪያ ሥር ለሚሠራው ይዋል፤ የወጣውን ማጠብ፣ መለየት፣ መቁጠር፣ መሣል፣ መመዝገብ። ከመስኩ ሥራ ብዙው ክፍል ይህ ነው።

ሌላም ያለን ሀብት አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ በድንጋይ መፋቂያ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ነበሩ፤ በአንዳንድ ቦታም አሁን አሉ። በኮንሶ ሴቶች ናቸው የሚሠሩት። የዓለም ተመራማሪዎች ድንጋይ እንዴት እንደሚሳል፣ መቼ እንደሚደንዝ፣ መቼ እንደሚጣል ለማወቅ ከእነሱ እግር ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል። እኛስ? ቆዳ የሚያለፋውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ንቀን ኖረናል፤ መሬት ነፍገናል፣ ጋብቻ ከልክለናል። ተማሪው ከእነዚህ ባለሙያዎች ጋር አንድ ክረምት ቢቀመጥ ከአርኪዮሎጂው ሌላ ንቀቱንም ሊጥል ይችላል።

ጎረቤታችን ጋሞን ተመልከቱ። ሞታ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የተቆፈረው የአገሩ ሽማግሌዎች ተመራማሪዎቹን መርተው ስላሳዩአቸው ነው። እዚያ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዘረ መሉ ተነቦ በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ጥንታዊ ነበር። ስሙንም «ባይራ» አሉት፤ ወላይትኛ ለሚያውቅ ትርጉም አያስፈልገውም።

«ሥራ አጥ በሞላበት አገር ድንጋይ መቆፈር ምን ይበላል?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጁን ለአራት ዓመት ያስተማረ ገበሬ የመጠየቅ መብት አለው። ግን ያ ልጅ እኮ ትምህርቱን አሁንም እየተማረ ነው፤ የቅርስና የታሪክ ምሩቅ በየዓመቱ ይወጣል። የሚቀረው በእጁ የሚሠራው ሙያ ነው። ካርታ ማንሣት፣ ቅርስ መመዝገብ፣ መንገድ ወይም ግድብ ከመሠራቱ በፊት ቦታውን መፈተሽ፣ ሙዚየም ማደራጀት፣ እንግዳ ማስጎብኘት፤ ይህ ሁሉ ከመስክ የሚገኝ ሙያ ነው። ያንን ሳይዝ የተመረቀ ልጅ፣ ቁፋሮ ሲመጣ የሚያገኘው የቀን ሠራተኛነት ነው። አፈር ተሸክሞ ያወጣል፤ ስለ አፈሩ የሚጽፈው ሌላ ነው።

ዕድሉን ያገኘ ግን የት እንደሚደርስ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአፋር አራሚስ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን «አርዲ» የመጀመሪያ የእጅ አጥንት ስባሪ ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ያኔ ተማሪ ነበር። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪዎች አንዱ ነው። ያቺን ስባሪ ከጠጠር ለይቶ ያየው በመስክ የሠለጠነ ዓይን ስለነበረው ነው።

እንግዲህ ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝምና ለቅርስ ባለሥልጣን የምለው አንድ ነው። በዳሞታም ሆነ በሌላ የዞናችን ሥፍራ ለሚሰጥ ለእያንዳንዱ የምርምር ፈቃድ፣ ለአካባቢው ተማሪዎች የተወሰነ የሥልጠና ቦታ በውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ። «ድጋፍ ይደረጋል» የሚል ቃል አይበቃም፤ ስንት ተማሪ፣ ስንት ሳምንት፣ ማን ያሠለጥናል የሚለው ይቀመጥ።

በመስክ ሥራ የተሳተፋችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ቀን ሠራተኛ ሆናችሁ የቆፈራችሁም ጭምር።