የተራበው ሰው ስንዴና የእኛ ክርክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጾመ ሐዋርያት በገባ በአራተኛው ቀን፣ የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ለመላው ኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረውን የምግብ እርዳታ ማቋረጡን አስታወቀ። በማግሥቱ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ። በትግራይ ክልል ደግሞ እርዳታው ከአንድ ወር አስቀድሞ ቆሞ ነበር። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ለተራበ ሰው ተብሎ የተላከ እህል ከታለመለት ሰው እጅ ሳይደርስ በገበያ ሲሸጥ ተገኘ። ለጋሾቹ ድርጊቱን ሰፊና የተቀነባበረ ሲሉ ገለጹት። በዚያን ጊዜ በሀገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በምግብ እርዳታ ላይ ተስፋውን ጥሎ ነበር።

እኛ በፈቃዳችን ከምግብ በተከለከልንበት ሳምንት ሌላው ወገናችን ያለ ፈቃዱ ማዕዱ ተነሣበት። ይህ ጽሑፍ ስለ ስርቆቱ ብቻ ሳይሆን ከስርቆቱ በኋላ ስለተነሣው የአደባባይ ክርክርም ይናገራል። በዚያ ክርክር ውስጥ አብዛኞቻችን በጽሑፍም በንግግርም ተካፍለናልና፣ እንዲህ ያለ የመንግሥት ጉዳይ ሲገጥመን ክርስቲያን እንዴት ሊናገር እንደሚገባው መመርመር ያስፈልጋል።

ክርክሩ ምን ይመስል ነበር?

በዚያ ወቅት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በሀገር ውስጥ እንደ ልብ አይገኙም ነበር። በጥር ወር ከሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የተፈጸመውን የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተከትሎ ከተነሣው ችግር ጋር ተያይዞ፣ ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮ እስከ ሐምሌ ወር ድረስ ተገድበው ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ሰው በቪፒኤን እየገባ፣ በውጭ ሀገር ያለውም ወገን እያስተላለፈ፣ የእህሉ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዳረሰ።

የፌዴራል መንግሥት ከለጋሹ ድርጅት ጋር በጋራ ለመመርመር መስማማቱን ገለጸ፤ በኋላም የመንግሥት ቃል አቀባይ መንግሥትን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ተቀባይነት እንደሌለውና ውሳኔው ፖለቲካዊ መሆኑን ተናገሩ። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ያቋቋመው መርማሪ ኮሚቴ በበኩሉ የኤርትራ ኃይሎች፣ የፌዴራል አካላትና የክልሉ የራሱ ሰዎች ጭምር እጃቸው እንዳለበት አስታወቀ።

ይህ የመጨረሻው ቃል በጥሞና ሊሰማ ይገባው ነበር፤ ጥፋቱ በአንድ ወገን ላይ የሚያበቃ እንዳልሆነ ያመለክት ነበርና። በአደባባይ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ ከሦስቱ ተጠርጣሪዎች መካከል አስቀድሞ የሚጠላውን መርጦ ያዘና የቀሩትን ሁለቱን ተወ። ጥያቄው «እህሉን ማን ወሰደው? እንዴትስ ይመለስ?» መሆኑ ቀርቶ «የማን ወገን ሌባ ነው?» ሆነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ብሔር ከብሔር ይሰዳደብ ነበር እንጂ ስለ እህሉ የሚናገር አልነበረም። የተራበችው እናት ከክርክሩ ውስጥ ወጣች። ስሟ ቢነሣም ሌላውን ለመምቻ ብቻ ነበር።

ዲቁና ከምን ተነሥቶ ተመሠረተ?

ጾሙ የሐዋርያት ጾም ነበርና የሐዋርያትን ሥራ ማንበብ ይገባል። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን የገጠማት ፈተና ከእኛው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በየዕለቱ ምግብ ይታደል ነበር። ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻቸው በእደላው ችላ ተብለዋል ብለው በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። ጉዳዩ የምግብ እደላ ነው፤ አቤቱታውም በቋንቋና በወገን የተለየ ነው።

ሐዋርያት ያደረጉትንና ያላደረጉትን እንመልከት። አቤቱታውን «ሐሜት ነው» ብለው አላፈኑትም። አቤት ባዮቹን «እናንተ የማን ወገን ናችሁ?» ብለው አልጠየቁም። ለዕብራውያኑም አልተከራከሩላቸውም። ማዕዱን አቋረጡ የሚልም አናነብም። ሕዝቡን ጠርተው፣ መልካም ምስክር ያላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡት እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስና ሌሎቹም የተጠሩባቸው ስሞች የግሪክ ስሞች ናቸው። ስለዚህም ብዙ መተርጉማን እንደሚረዱት፣ ተበደልን ካሉት ወገን የሆኑ ሰዎች ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሆኑ።

ቅዳሴ የሚያገለግል ዲያቆን ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ ማዕርጋችን የተመሠረተው ስለ እህል እደላ የቀረበ አቤቱታ በትክክል ስለተሰማ ነው። እንግዲህ «የእርዳታ እህል ጉዳይ ፖለቲካ ነውና ቤተ ክርስቲያንን አይመለከታትም» ማለት የሊቀ ዲያቆናት እስጢፋኖስን አገልግሎት መርሳት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሌላ ወንድም ላከ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ማንም እንዳይነቅፈው ተጠነቀቀ (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ሐዋርያው ቅድስናውን ለሒሳብ መመርመር ምትክ አላደረገውም። ዛሬ «እኔን አታምኑኝምን?» ብሎ መዝገብ የሚደብቅ ሹም፣ በመንግሥት ቤትም ይሁን በቤተ ክርስቲያን፣ ከጳውሎስ የበለጠ ሊታመን ይፈልጋል።

ሐሜትና ምስክርነት

ብዙ ምእመናን በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንዳንዱ «አትፍረዱ» የሚለውን ትእዛዝ ይዞ ፈጽሞ ዝም ይላል። ሌላው እውነት ለመናገር ብሎ የሰማውን ሁሉ ያስተላልፋል፤ ይሳደባል። ሁለቱም ከቅዱሳት መጻሕፍት መንገድ ይርቃሉ።

ሐሜት ማለት ያላረጋገጡትን፣ ለማረምም ያላሰቡትን የሌላውን ነውር ማውራት ነው። ምስክርነት ግን ያዩትንና ያረጋገጡትን፣ በደሉ እንዲቆም ሲሉ መናገር ነው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንኳ በሰዶም ላይ ከመፍረዱ በፊት ወርዶ ሊያይ እንደሚወድ ለአብርሃም ነግሮታል (ዘፍ. 18፥20-21)፤ መምረምር የሚገባን እኛ መሆናችንን ሲያስተምረን ነው። የኦሪት ሕግም ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና አዝዞ፣ ሐሰተኛ ምስክር በባልንጀራው ላይ ያሰበው ፍዳ በራሱ ላይ እንዲደርስ ይደነግጋል (ዘዳ. 19፥15-19)። በሀገራችንም የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ለክርስቲያን ግን ከአዋጁ በፊት የጸና ሕግ አለው።

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሲገሥጽ ስለ አንዲት በግ ነገረው (2ኛ ሳሙ. 12)። በደሉን ለይቶ ተናገረ፤ በዳዩንም ፊት ለፊት ነገረው። የይሁዳን ነገድ አልሰደበም። የእኛ ንግግር ከዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በደሉን ሳንለይ ነገዱን እንሰድባለን። ይህ ለሌባው ትልቅ ውለታ ነው። ሕዝብ በሕዝብ ላይ ሲነሣ ሌባው በራሱ ሕዝብ መካከል ተሸሽጎ «የተነካችሁት እናንተ ናችሁ» ይላልና።

ስለዚህ ምእመን እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰው ከማስተላለፉ በፊት ጥቂት ነገሮችን ራሱን ይጠይቅ። ይህን የተናገረው ማን ነው፤ እንዴትስ አወቀ? የተባለው ነገር በእኔ ወገን ላይ ቢሆን በዚሁ ማስረጃ አምነው ነበርን? የምናገረው ነገር ለተራበው ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ዝምታም ይጠየቃል

በሌላ በኩል መከራን መሸሸግ ለሀገራችን ምን እንዳመጣ እናውቃለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ሲሸፋፈን ቆይቶ በውጭ ጋዜጠኛ ፊልም ሲገለጥ፣ ለዘውዱ መውደቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኗል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሳይነገርላቸው የሞቱ ብዙ ነፍሳት ነበሩ።

በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ በረሃብ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ምናልባት ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ በሽታ የሞቱ ሊኖሩ እንደሚችሉ ገለጹ። እንደ ገና ክርክር ተነሣ፤ «ረሃብ ነው ወይስ በሽታ?» ተባለ። በሰውነቱ አቅም ያጣን ሰው ቀላል ደዌ እንደሚጥለው ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ልዩነቱን መመርመርም የእነርሱ ሥራ ነው። ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ግን ስለ ሞቱ ስያሜ አይደለም። ተርቦ አብልተነው እንደ ሆነ ነው (ማቴ. 25፥35-45)።

ማዕዱ የተመለሰው በምን ነበር?

የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ቀስ በቀስ፣ ዩኤስኤአይዲም በኅዳር 2016 ዓ.ም. አሳውቆ ከታኅሣሥ ጀምሮ እርዳታውን ቀጠሉ። የቀጠለው የተረጂዎች አመዘጋገብ፣ የመጋዘን አጠባበቅና የእደላው ቁጥጥር እንዲለወጥ ከተስማሙ በኋላ ነው። በወራት ስድብ ያልተገኘው ነገር የተገኘው በታረመ መዝገብ፣ በተለወጠ ቁልፍና በተመደበ ታዛቢ ነው። የሐዋርያትም መፍትሔ ይኸው ነበር። ልዩነቱ፣ በኢየሩሳሌም ማዕዱ ሳይቋረጥ ሲታረም፣ በእኛ ሀገር ሌላው በሰረቀው የተራበው ወራትን ጦሙን ማደሩ ነው። ይህም ለጋሾች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ያ ተራድኦ ድርጅት በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. መገባደጃ በሀገሩ መንግሥት ውሳኔ ሥራውን አቁሟል። የሚመጣው እህል አንሷል፤ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀውም የውጭ ሰው አብሮ ሄዷል። እንግዲህ ጠያቂው ማን ይሁን? ተጠያቂነትን ከባዕድ ብቻ ስንጠብቅ ኖረን ከሆነ፣ አሁን ከራሳችን የምንጠብቅበት ዘመን ነው።

ከእኛ ይጀምር

በኅዳር 2015 ዓ.ም. መንግሥት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ማቋቋሙን ባስታወቀ ጊዜ ብዙዎቻችን «ከላይ ይጀመር» አልን። እውነት ነው፤ ሥልጣን የበዛለት ተጠያቂነቱ ይበዛል። ሳሙኤል ሲሸመግል በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደ ወሰደ፣ ከማንስ መማለጃ እንደ ተቀበለ ይመሰክሩበት ዘንድ ጠይቋል (1ኛ ሳሙ. 12፥3)። ሹማምንታችን እንዲህ ይጠየቁ ማለት ሐሜት አይደለም።

ነገር ግን አንድ ከረጢት ስንዴ ከመጋዘን ወደ ገበያ የሚወጣው በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይደለም። የሌለ ሰው ስም የሚመዘግብ አለ፤ በሩን የሚከፍት፣ በመኪና የሚያጓጉዝ፣ ዋጋው መርከሱን አይቶ ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ የሚገዛና የሚያስፈጭ አለ። ከእነዚህ መካከል የንስሐ አባት ያለው፣ አሥራት የሚያወጣ፣ ጾም የማይሽር ሰው አይጠፋም። ጌታ ከመረጣቸው ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ለድሆች አሳቢ መስሎ ከከረጢቱ ይወስድ እንደ ነበር ወንጌላዊው ጽፎልናል (ዮሐ. 12፥6)። ለእንዲህ ያለው ወንድም ቤተ ክርስቲያን የምታሳየው መንገድ የዘኬዎስን ነው። ዘኬዎስ ማዘኑን ብቻ አልተናገረም፤ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። የተሰረቀውን ይዞ ንስሐ ገባሁ ማለት አይቻልም። የድሃውን ስንዴ ሸጦ ጃንጥላና መጋረጃ ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጡም ዕዳው አይሰረይም። አባቶች ካህናትም ይህን ሳይፈሩ ሊያስተምሩ ይገባል።

በቤታችን ውስጥ ያለውም አይዘለል። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርካችን አቡነ ማትያስ ሙስናንና ብልሹ አሠራርን በተደጋጋሚ በግልጽ ገሥጸዋል። ምእመናን በሰበካ ጉባኤ ተመርጠው የአጥቢያቸውን ገቢና ወጪ እንዲያውቁ ሥርዓት ተሠርቷል። በሩቅ ስላለው ባለሥልጣን ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ምእመን፣ በሀገር ቤትም ይሁን በውጭ ሀገር፣ የአጥቢያውን ሒሳብ ሪፖርት ለመስማት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢቆይ፣ ስለ ሀገሩም የመጠየቅን ሥርዓት ይለማመዳል።

ሐዋርያት አቤቱታውን ከሰሙ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሰፋ፣ የደቀ መዛሙርትም ቍጥር እንደ በዛ በዚያው ምዕራፍ ተጽፏል። ምግብ በእውነት ሲታደል ወንጌልም አብሮ ይሰማል። የተራቡትን የሚያስብ ልብ፣ እውነትን በፍቅር የሚናገር አንደበት፣ ለሹማምንቶቻችንም የታመነ እጅን ያድለን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የሊቀ ዲያቆናት እስጢፋኖስ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።