በመኪና ላይ ስለሚጨመር የሙዚቃ ማጉያ

በመኪናቸው ላይ ከፍ ያለ የሙዚቃ ማጉያ ያስገቡ ብዙ ሰዎች፥ ባትሪው በደከመ ጊዜ ትልቅ ባትሪ ለመግዛት ሲቸኩሉ እናያለን። ይህ ግን ብቻውን መድኀኒት አይሆንም። ባትሪ ጎተራ ነው፤ ገበሬው ዲናሞ ነው፤ ጎተራ ስለ ሰፋም እህል አይበዛም።

600 ዋት የሚስብ ማጉያ በ12 ቮልት 50 አምፔር ይበላል። ስለዚህ ሞተር ጠፍቶ ዘፈን ሲሰማ፥ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሞተር ማስነሣት ሊሳነው ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ማጉያውም እየጮኸ ባትሪው ሲለካ ከ13 ቮልት በታች ከወረደ፥ አስቀድሞ ቺንጊያውንና ዲናሞውን ማስመርመር፥ ደኅና ከሆኑም ለጭነቱ የሚበቃ ዲናሞ ማስገባት ይገባል።

የታመመ ልጅ በሌሊት ወደ ሐኪም በሚወሰድበት ሰዓት መኪናው እንቢ ቢል፥ የቀኑ ዘፈን ለቤተ ሰቡ ኀዘን ይሆናልና፥ ሞተር ሲጠፋ ማጉያውም አብሮ እንዲጠፋ እንመክራለን።