«ራሱ ይመለሳል» ብለው የሸጡላችሁን አትመኑ

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ድሮኔ ከድቶኝ ሄደ።» «ቲቸር፣ ሳላዘው መሬት ወረደ።» «ቲቸር፣ ባትሪው 20 በመቶ እያለው ለምን አረፈ?» አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ደብረ ብርሃን ሆነው ሠርግና ማስታወቂያ የሚቀርጹ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ሐሳቤን ከፊት ላስቀምጠው፦ አብዛኛውን ጊዜ ድሮኑ አልተበላሸም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ችግሩ አዛዡ ማን እንደሆነ አለማወቃችን ነው።

እኔ በዲፕሎማ የማስተምር መምህር ነኝ እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም። ቡሬ ላይ ድሮን አላበርም፤ የሚያበርም ሰው አላውቅም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ፍኖተ ሰላም ይሁን ቡሬ፣ «ድሮን» የሚለው ቃል ምን ትርጉም እንዳለው ለሀገሬ ልጅ አልነግርም። ስለዚህ ይህን አንብቦ እኛ አካባቢ መጥቶ ለማስነሳት የሚያስብ ካለ እባካችሁ ይቅርብን። ሌላ ቦታ ያላችሁም ያለ ኢመደአ ፈቃድ ሀገር ውስጥ ማስገባትም ሆነ ማብረር እንደማይቻል ታውቃላችሁ። የምጽፈው ፈቃድ ይዛችሁ እንጀራችሁን በዚህ ለምትበሉት ነው።

ድሮን በሦስት ምክንያት ይመለሳል። አንደኛ እናንተ ቁልፉን ስትጫኑ። ሁለተኛ ከሪሞቱ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ። ሦስተኛ ባትሪው ሲያንስ። ሦስቱንም «መመለስ» ብለን ስለምንጠራቸው አንድ ይመስሉናል፤ ግን አይደሉም። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ አራተኛ ነገር አለ፣ እሱም መመለስ ሳይሆን ማረፍ ነው። ባትሪው ለማረፍ ብቻ የሚበቃ ሲቀረው ድሮኑ ቤትም፣ ባለቤትም አይልም፤ ካለበት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከታች ወንዝ ይሁን የሰው ጣሪያ አይጠይቅም። «ከዳኝ» የሚለኝ ልጅ ሁሉ እነዚህን አራቱን አደባልቆ ነው የሚነግረኝ።

የአንዱን ታሪክ ላንሳ፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱ ፈቅዶልኛል። ሱሉልታ አካባቢ ሠርግ ይቀርጻል። ድሮኑን ያስነሳው ከሙሽሪት ቤት ግቢ ነው። ከዚያ አጀቡ በመኪና ተነሥቶ ፎቶ ወደሚነሡበት ሜዳ ሄደ። እሱም መኪና ውስጥ ሆኖ እየቀረጸ ተከተለ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ባትሪው 41 በመቶ ነው። መሣሪያው መጮህ ጀመረ፤ «ልመለስ» አለ። ልጁ «41 በመቶ እያለህ ምን ያስጮህሃል» ብሎ ካንስል አለው። ቀረጻውን ጨረሰ። 22 በመቶ ላይ ሲደርስ፣ ድሮኑ ከራሱ 50 ሜትር በማይርቅ ቦታ ላይ እያለ፣ እንደ ልማዱ የመመለሻ ቁልፉን ተጫነ። ድሮኑ ምን አደረገ? ወደ ላይ ወጣ፣ ፊቱን አዞረ፣ ባለቤቱን ትቶ 1,200 ሜትር ወደሚርቀው የሙሽሪት ቤት ጉዞ ጀመረ።

ሎጉን ልኮልኝ ሳየው ሳቄ መጣ፣ እውነቴን ነው። ለድሮን «ቤት» ማለት የተነሣበት ቦታ ነው። ሆም ፖይንት የሚሉት እሱ ነው። ጂፒኤሱ ሳተላይቶቹን በደንብ ሲይዝ የመዘገባት ነጥብ ናት። እናንተ በእግርም ሆነ በመኪና ብትንቀሳቀሱ ነጥቧ አብራችሁ አትንቀሳቀስም። 41 በመቶ ላይ የጮኸው ለዚህ ነበር። ርቀቱንና የቀረውን ባትሪ አስልቶ «አሁን ካልተነሣሁ የሙሽሪት ቤት አልደርስም» እያለው ነው። ልጁ ደግሞ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ምን አስቸኮለህ» ይለዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስለ ሁለት የተለያየ ቤት ነው የሚያወሩት። ቦታ ስትቀይሩ ሆም ፖይንቱን ወደ ሪሞቱ ቦታ መቀየር የሚቻልበት መቼት አፑ ውስጥ አለ። ሁለት ጊዜ መንካት ነው። ወይም በቃ ከራስ በላይ ያለን ድሮን በእጅ ማሳረፍ!

ድሮኑ የሙሽሪት ቤትም አልደረሰም። ለምን እንዳልደረሰ የፊዚክስ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፣ ቬክተር ስትማሩ በጀልባና በወንዝ የሠራነው ጥያቄ ነው። ድሮኑ በአየር ውስጥ በሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል እንበል። ነፋሱ በሰከንድ 4 ሜትር። ከነፋሱ ጋር ሲሄድ በሰከንድ 12 ሜትር፣ 1,200 ሜትሩን በ100 ሰከንድ ይጨርሳል። ሲመለስ ግን በሰከንድ 4 ሜትር ብቻ፤ 300 ሰከንድ። ሦስት እጥፍ! ሲሄድ እንደ ጮሌ ፈረስ የነበረው ሲመለስ አህያ የሆነው ሞተሩ ደክሞት አይደለም። በዚያ ላይ ልጁ የመመለሻ ከፍታውን 100 ሜትር ላይ ነበር ያስቀመጠው። ነፋስ ደግሞ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል። መሬት ላይ የሙሽሪት ቬሎ እንኳን ሳይነቃነቅ እዚያ ላይ ሌላ ዓለም ነው።

«ቲቸር፣ ካርቶኑ ላይ እኮ 31 ደቂቃ ይላል» አለኝ። ሚኒ 2 የሚባለው ነው፤ እውነት ነው፣ 31 ደቂቃ ይላል። ግን ከሥር በትንንሽ ፊደል ነፋስ በሌለበት፣ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ የተለካ ነው ይላል። በተጨማሪ እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ አካባቢ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፣ እሷም ከፍታ ላይ ናት) አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ሞተሩ እዚያው ቦታ ለመንሳፈፍ ብቻ ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። ቡሬም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ካርቶኑ ይህን አያውቅም።

የካርቶን ቁጥር ነገር ሁልጊዜ የሚያስታውሰኝ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። የሰውን ነፍስ ከመጫወቻ ጋር ላነጻጽር አይደለም፣ ይቅር በሉኝ፤ ግን ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለኝም። ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ የተሞላው ለናይሮቢ ጉዞ ነው፣ አውስትራሊያ አያደርስም ብለው ለመኗቸው። ሰዎቹ ግን የአየር መንገዱ መጽሔት ላይ ይህ አውሮፕላን 11 ሰዓት መብረር ይችላል የሚል አንብበዋል። መጽሔቱ አልዋሸም። ሙሉ ነዳጅ የያዘ አውሮፕላን ይችላል። ያ አውሮፕላን ያን ቀን የያዘው ነዳጅ ግን ሌላ ነበር። ሞተሮቹ ጠፍተው ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወረደ፤ ከ175 ሰው 125ቱ አለቁ። የተጻፈ ቁጥርን አምኖ ጋኑ ውስጥ ያለውን አለማመን እንዲህ ነው።

ከፍታን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ። አፑ ላይ የምታዩት ከፍታ ከተነሣችሁበት ቦታ እንጂ ከሥራችሁ ካለው መሬት አይደለም የሚለካው። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ዓባይ በረሃን ያስብ። ከአፋፉ ላይ አስነሥቶ ወደ ገደሉ 300 ሜትር የወረደ ድሮን «ተመለስ» ሲባል ያን ሁሉ መውጣት፣ ከዚያም የመመለሻ ከፍታውን መጨመር አለበት። በረሃውን ወርዶ የወጣ ሰው መውጣቱ ምን እንደሚጠይቅ ያውቀዋል፤ ባትሪም እንደ እግር ነው። በተቃራኒው ከታች ከወንዙ አስነሥታችሁ ከኮረብታ ጀርባ ብታስገቡት፣ የመመለሻ ከፍታው ከኮረብታው ካነሰ በቀጥታ ሄዶ ይላተማል። ራሳቸው ገጣጥመው የሚያበሩ ልጆችም አሉኝ። አርዱፓይለት በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ሳይነካ የሚመጣው የመመለሻ ከፍታ 15 ሜትር ነው። 15 ሜትር! የጎጃም ባሕር ዛፍ ይህን ቢሰማ ይስቃል። የሚለካ ዛፍ፣ የቴሌ ታወርና የመብራት ምሰሶ አይታችሁ ከረጅሙ ትንሽ ከፍ አድርጉ። እንደዚያ ልጅ 100 ላይ ሰቅሎ ነፋስ ውስጥ መክተትም መፍትሔ አይደለም።

ስለ ባትሪ መቶኛ ልጨምር። እንጀራ ሊጋገር ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ድክም ሲል አይታችኋል አይደል? መብራት ኃይል የላከው ኃይል አልጠፋም፤ ብዙ ከረንት ሲሳብ መስመሩ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። ባትሪ ውስጥም ያው ነው፣ ኢንተርናል ሬዚስታንስ ብለን የተማርነው። ሙሉ የሆነ አንድ ሴል 4.2 ቮልት አለው። ዝም ብሎ ሲንሳፈፍ ደህና የሚመስል ያረጀ ባትሪ፣ መመለሻው ተነክቶ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ሞተሮቹ እንደ ምጣድ ይስቡታል። ቮልቴጁ በአንዴ ይወርዳል። መሣሪያው «አለቀ» ብሎ ያምንና ማረፍ ይጀምራል። «20 በመቶ እያለው አረፈ» የምትሉት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እኛ ደግሞ መብራት ይጠፋል እያልን ባትሪውን ለሳምንታት ሙሉ አድርገን እናስቀምጣለን። ሊቲየም ባትሪን እንደዚያ የሚያስረጀው ነገር የለም። ግማሽ አካባቢ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ለሥራ ዋዜማ ሙሉት። ያበጠውን ደግሞ ጣሉት፤ «ለአንድ ሠርግ ይበቃል» አይባልም።

እና እኔ ምን ነው የምለው? አውቶማቲክ መመለሻ ስኮርታ ጎማ ነው። በእሱ ጉዞ አይጀመርም። ባትሪው ግማሽ ሲል የድሮኑ ፊት ወደ እናንተ ይዙር፤ 30 ሳይሞላ መሬት ይንካ። ደንበኛው «አንዴ ብቻ» ቢልም። ሙሽሮቹን ሁለተኛ ባትሪ አስገብቶ መቅረጽ ይቻላል።

እንዲህ የማጠብቀው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። የዚያ ልጅ ድሮን የወረደው የማያውቃቸው ሰዎች ጓሮ ውስጥ ነው። ልጆች እየጮኹ ሮጡ፤ አንዲት እናት ወገባቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ማን እንደላከው አያውቁም፤ ካሜራውን ነው ያዩት። ዛሬ በዚህ ሀገር ከሰማይ የሚወርድን ነገር «የሠርግ ነው» ብሎ የሚጠብቅ የለም፣ አይፈረድባቸውም። ድሮኑን ያነሣው ጎረምሳ ደግሞ «የማን ነው? ከየት አመጣኸው?» ሲባል ምን ሊመልስ ነው? እናንተ ፈቃድ ኪሳችሁ ውስጥ አለ፤ እሱ የለውም። ልጁ ሽማግሌ ልኮ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ፈቃዱን አሳይቶ ነው የተመለሰለት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ደግ ሰዎች ገጥመውታል። ስለዚህ ስማችሁንና ስልካችሁን በአማርኛ በትልቁ ለጥፉበት። እንዲያስነሡ የፈቀዱላችሁ የአካባቢው ሰዎችም ቀድመው ይወቁ።

አንድ የረሳሁት፦ ማረፍ ከጀመረ በኋላ ብዙዎቻችሁ ደንግጣችሁ ጣታችሁን ታነሣላችሁ። አታንሡ! በዲጄአይ ድሮኖች ላይ የመጨረሻውን ማረፊያ መሰረዝ አይቻልም፤ ወደ ጎን መምራት ግን ይቻላል። የከፍታውን እንጨት ወደ ላይ ከያዛችሁት መውረዱም ይዘገያል። ከጣሪያ ወደ ባዶ ሜዳ ለማዞር ያቺ ጥቂት ሰከንድ ትበቃለች።

ሎግ ያላችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፣ ኔትወርክ ሲኖር አየዋለሁ። እስከ ቅዳሜ ግን አትጠብቁኝ፤ የ10ኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬን ሞልቶታል።